ማንሣት፣ ማውረድ፣ ማቆም፦ የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ጭነትን ለመቆጣጠር ስለሚያስፈልጉ የሙያ ቃላት

1. የጥያቄው መነሻ

የሙያ ቃላት ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስም ከሌለው ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ አሠራር ይመጣል፤ ቃል ይፈለግለታል፤ ቃሉም ከግዕዝ ይወጣል፣ ከሕዝብ አነጋገር ይለቀማል፣ ወይም ከውጭ ቋንቋ እንዳለ ይወሰዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከዚህ የተለየ ችግር ነው። ይኸውም አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ነገር ተሸክሞ ሲገኝ በሥራ ላይ የሚያስከትለው ችግር ነው።

«ማማውን አቁም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ ሁለት ትርጉም ያገኛል። አንደኛው «ማማውን ቀጥ አድርገህ ትከል» ሲሆን ሁለተኛው «የማማውን እንቅስቃሴ ግታ» የሚል ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ዐውዱ ይለየዋል። ማማው በክሬን መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሰዎች ቆመው፣ ትእዛዙ በሬዲዮ ሲተላለፍ ግን ዐውድን ለማመዛዘን የሚተርፍ ጊዜ የለም። አንደኛው ትርጉም «ቀጥል» ሲል ሁለተኛው «ተው» ይላልና።

ለምርመራው የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ጭነትን የመረጥነው ሥራው ከባድ ሸክምን፣ ነፋስን፣ ውኃንና ብዙ የሰው እጅን በአንድ ስፍራ የሚያገናኝ በመሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ወደብ የላትም። ነገር ግን ሥራው ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት የአዳማ አንደኛና ሁለተኛ፣ እንዲሁም በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ማማና ክንፋቸው በክሬን ተነሥቶ የተተከለ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም አሉ። ስለሆነም ቃላቱን አስቀድሞ ማጥራት ለየብስም ሆነ ለባሕር ሥራ ይጠቅማል።

2. ሥራው በአጭሩ

በባሕር ላይ የተተከለው የመጀመሪያው የነፋስ ተርባይን ጣቢያ በዴንማርክ የሚገኘው ቪንዴቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲቋቋም እያንዳንዳቸው 450 ኪሎዋት የሚያመነጩ 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ በ2017 ዕድሜውን ጨርሶ ተነቅሏል። በ2002 በዚያችው አገር ምዕራባዊ ጠረፍ የተተከለው ሆርንስ ሬቭ አንደኛ 80 ተርባይኖች ሲኖሩት እያንዳንዱ 2 ሜጋዋት ያመነጫል፤ በዚህም የኤስቢየር ወደብ ለሥራው ዋና መነሻ ሆነ። ዛሬ የአንዱ ተርባይን መጠን ከዚያን ጊዜው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ትይዩ በዶገር ባንክ የሚተከሉት ተርባይኖች የአንዱ ክንፍ ርዝመት 107 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ2023 ነው። እነዚህን ተሸክሞ የሚሄደው ቮልቴር የተባለው መርከብ ከ3,000 ቶን በላይ የሚያነሣ ክሬን አለው።

የጭነቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። የማማው ክፍሎች፣ ናሴል የተባለው የማመንጫው ቤት እና ክንፎቹ በወደቡ ሜዳ ይከማቻሉ። የማማው ክፍሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው በብሎን ይታሰሩና ሙሉ ማማ ሆነው በወደቡ ዳር ይቆያሉ። ከዚያም መርከቡ ይጠጋል። ይህ መርከብ ተራ መርከብ አይደለም፤ አራት ወይም ስድስት ረጃጅም የብረት እግሮች አሉት። እግሮቹን ወደ ባሕሩ ወለል አውርዶ ይረግጣል፤ በእነርሱም ላይ ራሱን ከውኃው ከፍ ያደርጋል። ከፍ ካለ በኋላ ማዕበልም ሆነ የውኃው መውጣትና መውረድ አያናውጠውም። ጭነቱ በዚህ ጊዜ እየተነሣ በመርከቡ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ይታሰራል፤ ይመረመራል፤ መርከቡም እግሮቹን ሰብስቦ ወደ ተከላው ስፍራ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ስሕተት ሊገባ የሚችልባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመልከት።

3. ሸክም፣ ጭነት፣ ጫና

በአሁኑ የቴክኒክ አማርኛ «ጭነት» የሚለው ቃል ለሁሉም ያገለግላል። መርከቡ የያዘው ዕቃ ጭነት ይባላል፤ በመንጠቆው ላይ ያለው ዕቃ ጭነት ይባላል፤ የመርከቡ እግር በባሕሩ ወለል ላይ የሚያሳርፈው ኃይልም ጭነት ይባላል። «የክሬኑ ጭነት 800 ቶን ነው» ቢባል ክሬኑ ራሱ የሚመዝነውን፣ ሊያነሣ የሚችለውን ወይስ አሁን ያንጠለጠለውን ለማለት እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ መለየት አይቻልም።

ሕዝቡ በሚናገረው አማርኛ ግን ልዩነቱ ቀድሞውኑ አለ። ሰው ዕቃ ሲይዝ ተሸከመ እንጂ ተጫነ አንልም። የሲራራ ነጋዴ በበቅሎው ላይ የሚያኖረው ጭነት ነው፤ ያን ጭነት አንሥቶ ወደ በቅሎው የሚያደርሰው ሰው በክንዱ የያዘው ግን ሸክም ነው። ሸክም በተሸካሚው ጉልበት ብቻ የተያዘ ነው፤ ተሸካሚው ቢደክም ይወድቃል። ጭነት ተቀምጦና ታስሮ የሚሄድ ነው። በክሬንና በመርከብ ሥራ የምንፈልገውም ይህንኑ ልዩነት ነው። ስለዚህ በመንጠቆ ላይ ያለውን ሸክም፣ በመርከቡ ወለል ላይ ያረፈውን ጭነት፣ አንድ አካል በሌላው ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ደግሞ ጫና ብንል ሦስቱ ይለያያሉ።

የሸክም ብያኔ ጥንቃቄ ይሻል። ሸክም ማለት የሚነሣው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የማንጠልጠያው ገመድ፣ የማስተካከያው ብረትና በመንጠቆው ሥር ያለው መያዣ ሁሉ ይታሰብበታል። የዕቃውን ክብደት ብቻ ይዞ የክሬኑን ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው በብዙ ቶን ይሳሳታል። እንዲሁም «አቅም» የሚለው ቃል ብቻውን ቁጥር ሊከተለው አይገባም። የክሬን አቅም ክንዱ ወደ ውጭ በተዘረጋ መጠን ይቀንሳልና፣ አቅም ሁልጊዜ ከክንዱ ርቀት ጋር መነገር አለበት።

ጫናም እንዲሁ ሁለት ተግባራዊ አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው የወደቡ ወለል በካሬ ሜትር የሚችለው የቶን ልክ ነው፤ ይህም የወለል ጫና ይባላል። ሁለተኛው መርከቡ ከመጫኑ በፊት እግሮቹን ሆን ብሎ በሥራ ጊዜ ከሚያገኛቸው በሚበልጥ ኃይል የሚፈትንበት ነው። የባሕሩ ወለል ከላይ ጠንካራ ከሥር ግን ለስላሳ ቢሆን እግሩ በድንገት ሊሰምጥ ይችላልና፣ መስመጥ ካለበት ጭነት ሳይኖር አስቀድሞ ይስመጥ የሚል አሠራር ነው። ይህን ቅድመ ጫና እንለዋለን።

4. ማቆምና መትከል

በመግቢያው ያነሣነው የ«ማቆም» ችግር መፍትሔው ሩቅ አይደለም። «ተከላ» የሚለው ስም ለማሽን፣ ለፋብሪካና ለመስመር ሥራ በሰፊው የተለመደ ነው። ስለዚህ ማማን ቀጥ አድርጎ በስፍራው ማኖር መትከል፣ እንቅስቃሴን መግታት ደግሞ ማቆም ይባል። በክሬን ሥራ ስፍራ «አቆመ» እና «ቆመ» ለመግታት ብቻ እንዲያገለግሉ፣ «የማማ ማቆም ሥራ» የሚለው አባባልም ከሥራ መመሪያዎች እንዲወጣ እንመክራለን።

አንዳንዶች «ማቆም የሚለው ቃል ለግንባታ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ስለሆነ ሊነፈግ አይገባውም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቤት ይቆማል፣ ድንኳን ይቆማል፣ ምሰሶም ይቆማል። ሆኖም የሙያ ቃል ውሳኔ የቃሉን ታሪክ አይሽርም፤ በአንድ የሥራ ስፍራ ብቻ ድንበር ያበጅለታል። ዳኛ በችሎት «ይግባኝ» ሲል የሕዝቡን አነጋገር እንዳልከለከለ ሁሉ፣ የክሬን ምልክት ሰጪም በሥራው ሰዓት ብቻ በተወሰነ ትርጉም ይናገራል።

5. ማውረድ፣ ማራገፍ፣ ማርገብ፣ መፍታት

ሁለተኛው አደገኛ ቃል «ማውረድ» ነው። ዕቃን ከመርከብ ማውረድ ማለት ከመርከቡ አንሥቶ ወደ ወደቡ ማሳለፍ ነው። ሸክምን ማውረድ ደግሞ በመንጠቆ ላይ ያለውን ዝቅ ማድረግ ነው። «ናሴሉን አውርዱ» የሚል ትእዛዝ ለመጀመሪያው ሰሚ የቀኑ የሥራ ዕቅድ፣ ለሁለተኛው ሰሚ የአሁኑ ቅጽበት እንቅስቃሴ ይሆናል። ለመጀመሪያው «ማራገፍ» የሚል የታወቀ ቃል አለን። ነጋዴ ከሰፈረ በኋላ ከብቶቹን ያራግፋል፤ መኪናም ያራግፋል። ስለሆነም ማራገፍ ለዕቃው፣ ማውረድ ለመንጠቆው ይሁን።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ልቀቅ» ነው። ገመድ የያዘ ሰው «ልቀቅ» ሲባል አንዳንዱ ትንሽ ያላላል፤ ሌላው ጨርሶ ከእጁ ያወጣል። በ107 ሜትር ክንፍ ጫፍ ላይ የመግቻ ገመድ የያዘ ሠራተኛ ገመዱን ጨርሶ ቢለቅ ክንፉ በነፋስ ኃይል ሊዞር ይችላል። ስለዚህ «መልቀቅ» ከትእዛዝ ቃላት ጭራሹን ወጥቶ ሁለት ቃላት ቢተኩት ይሻላል። የተወጠረን ገመድ ማላላት ማርገብ፣ ማሰሪያውን ከዕቃው ፈጽሞ መለየት መፍታት ይባል።

እዚህ ላይ «ማላላት» ለምን አልተመረጠም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ምክንያቱ ሰዋስዋዊ ነው። «አላላ» ለአንድ ወንድ ሲነገር ትእዛዝ ነው፤ በዚያው ቅርጽ ደግሞ «እርሱ አላላ» የሚል ወሬ ነው። በሬዲዮ የተሰማ «አላላ» ትእዛዝ ይሁን የተፈጸመ ሥራ ዜና ይሁን አይለይም። «አረገበ» እና «አርግብ» ግን በቅርጽ ይለያያሉ። «መወጠር» ደግሞ የማርገብ ተቃራኒ ሆኖ በራሱ ይመጣል።

6. የትእዛዝ ቃል ቅርጽ

የትእዛዝ ቃል ከመዝገብ ቃል የሚለየው በጩኸትና በተቆራረጠ ሬዲዮ ውስጥ የሚሰማ መሆኑ ነው። የሬዲዮውን ቁልፍ ዘግይቶ የሚጫን ሰው የመጀመሪያው ድምፁ ይቈረጥበታል። የአማርኛ አሉታ ምልክት ደግሞ ያለው በቃሉ መጀመሪያ ነው። «አታውርዱ» ከሚለው መካከል አንዲት «ታ» ብትጠፋ «አውርዱ» ይቀራል። «አትፍቱ» መነሻው ቢቈረጥ «ፍቱ» ይሆናል። ሰሚው የሚሰማው የትእዛዙን ተቃራኒ ነው። ከዚህ የተነሣ በማንሣት ሥራ ላይ አሉታዊ ትእዛዝ ከቶ ሊነገር አይገባም። «አታውርዱ» ለማለት የሚፈልግ ሰው «አቁሙ» ይበል። «አቁሙ» መነሻው ቢቈረጥ እንኳ «ቁሙ» ይሆናልና ትርጉሙ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ጾታና አክብሮት ነው። አማርኛ ሲያዝ «አንሣ»፣ «አንሺ»፣ «አንሡ»፣ «ያንሡ» እያለ ይለዋወጣል። ወጣት ምልክት ሰጪ አባቱ ለሚሆን ክሬን ነጂ «አውርድ» ማለት ይከብደዋል፤ «ያውርዱ እስቲ» ካለ ደግሞ ቃሉ ይረዝማል፣ ትእዛዝነቱም ይላላል። ክሬን ነጂዋ ሴት ስትሆን ቅርጹ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ቅርጽ ብቻ መያዝ ያሻል፤ እርሱም የብዙ ቁጥር ነው። አንሡ፣ አውርዱ፣ ወጥሩ፣ አርግቡ፣ ፍቱ፣ አቁሙ። የብዙ ቁጥር ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ቡድንን እንጂ ግለሰብን ስለማያዝም ታላቅን አያስቀይምም።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። ፊት ለፊት ለቆሙ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ የተለያዩ ናቸው። በወደብ ላይ ግን የማይለወጡ ሁለት አቅጣጫዎች አሉ፤ ባሕሩና የብሱ። «ወደ ባሕር አዙሩ»፣ «ወደ የብስ አዙሩ» ማለት ለሁሉም አንድ ነው። «ወደ ወደብ» የሚለው ድምፁ ተደጋግሞ ስለሚደናገር አልተመረጠም።

የተወሰኑ ሐረጎችን ለሥራ ማጽደቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለመርከቦች መደበኛ የመገናኛ ሐረጎችን አጽድቋል። በየቋንቋው የሚሠሩ የወደብ ቡድኖችም ተመሳሳይ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል።

7. ተቆጣጣሪ ማን ነው?

በአማርኛ የሚያዘውም፣ የሚመረምረውም፣ የሚጠብቀውም «ተቆጣጣሪ» ይባላል። በወደብ ጭነት ላይ ግን ቢያንስ አምስት የተለያዩ ኃላፊነቶች አሉ። የማንሣት ሥራ ኃላፊ ዕቅዱን አውጥቶ ሥራው እንዲጀመርና እንዲያበቃ ይፈቅዳል። ምልክት ሰጪ ለክሬን ነጂው በእጅ ወይም በሬዲዮ ይናገራል። አሳሪ ማንጠልጠያውን ያስራል፣ ይፈታል። ክሬን ነጂ መሣሪያውን ያንቀሳቅሳል። የዋስትና መርማሪ በመድን ሰጪው በኩል የማሰሪያውን ጥንካሬና የአየሩን ሁኔታ መርምሮ መርከቡ ይነሣ ዘንድ ፈቃድ ይሰጣል።

እነዚህን በአንድ ስም መጥራት የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው። «ተቆጣጣሪው ፈቅዷል» ቢባል ማን? ክሬን ነጂ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ ምልክት ሰጪ ብቻ ነው፤ የሥራ ኃላፊው እንኳ ከኋላ ሆኖ «አንሡ» ቢል አይሰማም። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነች አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ እርሷም «አቁሙ» ናት። «አቁሙ»ን ማንም ሊናገራት ይችላል፤ ክሬን ነጂውም ከማንም ቢሰማት ወዲያው ይፈጽማታል። ስለዚህም ነው የዚህች ቃል ትርጉም ከማናቸውም ይልቅ ንጹሕ መሆን የሚገባው።

8. ማዕዘን፦ ያልተሟላ ብያኔ

አንድ ዕቃ በሁለት ማንጠልጠያዎች ሲነሣ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በማዕዘናቸው ይወሰናል። 100 ቶን የሆነ ሸክም በሁለት እኩል ማንጠልጠያዎች ተይዞ እያንዳንዳቸው ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ቢያዘነብሉ የአንዱ ድርሻ ወደ 57.7 ቶን ነው። ከአግድም 30 ዲግሪ ከሆነ ግን የአንዱ ድርሻ 100 ቶን ይሆናል።

«የማንጠልጠያ ማዕዘን 30 ዲግሪ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍስ? ከአግድም የሚለካ ሰው 100 ቶን ያገኛል። ከቁልቁል የሚለካ ሰው 57.7 ቶን ያገኛል። ሁለቱም በስሌታቸው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ብያኔው ነው። ስለሆነም በመዝገባችን «የማንጠልጠያ ማዕዘን» ሁልጊዜ «ከአግድም» ከሚለው ጋር እንዲጻፍ ተወስኗል። በነፋስ ፍጥነትም ያው ነው፤ በሰከንድ 12 ሜትር ወደ 23 ኖት ይሆናልና፣ «ነፋሱ 12 ነው» የሚል ንግግር ያለ መለኪያው ስም ትርጉም የለውም።

ለማንጠልጠያው ራሱ በእንግሊዝኛ ያለው ስም ከድንጋይ መወርወሪያው ከወንጭፍ ጋር አንድ ነው። ቃል በቃል «ወንጭፍ» ብሎ መተርጐም ግን የማይሆን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወንጭፍ የሚወረውር እንጂ የሚይዝ አይደለም።

9. ማጽናት

ሸክሙ በወለሉ ላይ ባረፈ ጊዜ ጭነት ይሆናል ብለናል፤ ግን ገና የጸና ጭነት አይደለም። በባሕር ላይ መርከቡ ይናጣል። ቁሞ የተጫነ ማማ በዚያ ንጠት ከሥሩ የሚደርስበትን ኃይል የሚችለው በብረት ማቀፊያ ላይ በብሎን ሲታሰር ወይም ከወለሉ ጋር በተበየደ ብረት ሲደገፍ ነው። ይህን አጠቃላይ ሥራ ማጽናት ብለነዋል። «ማሰር» አልበቃም፤ ማሰር ገመድን ብቻ ያሳስባል፣ ብየዳን አያካትትምና። በማማውና በወለሉ መካከል ሆኖ ክብደትን የሚያከፋፍለውን የብረት ማቀፊያ ደግሞ ኮርቻ እንድንለው ሐሳብ ቀርቧል፤ ኮርቻም በበቅሎ ጀርባና በተቀማጩ መካከል ሆኖ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ከዚህ አንጻር «መጫኛ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ይታወሳል። ዛሬ ብዙዎች የመጫኛ ቦታ ወይም የመጫኛ መሣሪያ ማለት ይመስላቸዋል። በሲራራ ነጋዴ ዘንድ ግን ጭነት የሚታሰርበት ረጅም ጠፍር ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ላኛው ጭነትንና ማሰሪያውን በአንድ ሥር ሲጠራ፣ ያልታሰረ ጭነት ገና ጭነት አለመሆኑን ማወቁን ያሳያል።

10. የቀረቡ ቃላትና ብያኔያቸው

ሸክም፦ ማንጠልጠያውንና መያዣውን ጨምሮ ከክሬን ክንድ ጫፍ በታች ተንጠልጥሎ ያለ ሁሉ።
ጭነት፦ በመርከብ ወለል ላይ ያረፈ፣ ለጉዞ የተመደበ ዕቃ።
ጫና፦ አንድ አካል በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል።
ቅድመ ጫና፦ ከሥራ በፊት የመርከብ እግር የሚፈተንበት ጫና።
ባለ እግር መርከብ፦ በእግሮቹ የባሕር ወለል ረግጦ ራሱን ከውኃ በላይ የሚያነሣ መርከብ።
ክንፍ፦ በነፋስ የሚዞረው የተርባይን አካል። («ስለት» የመቁረጥን ሐሳብ ስለሚያመጣ አልተመረጠም።)
እምብርት፦ ክንፎቹ የሚገጠሙበት መካከለኛ አካል።
ናሴል፦ በማማው ራስ ላይ የሚቀመጥ የማመንጫ ቤት። (የውሰት ቃል፤ በሥራ ስፍራ ስለተለመደ እንዳለ ተወስዷል።)
ማንጠልጠያ፦ ዕቃን ከመንጠቆ ጋር የሚያገናኝ ገመድ፣ ሰንሰለት ወይም ጨርቅ።
መግቻ ገመድ፦ የተንጠለጠለ ሸክም እንዳይዞር ከታች የሚያዝ ገመድ።
ማንሣት፣ ማውረድ፦ ሸክምን በመንጠቆ ከፍና ዝቅ ማድረግ።
መጫን፣ ማራገፍ፦ ዕቃን ወደ መርከብ ማስገባትና ከመርከብ ማውጣት።
መወጠር፣ ማርገብ፦ ገመድን መሳብና ማላላት።
መፍታት፦ ማንጠልጠያን ከዕቃው መለየት።
መትከል፦ አካልን ቀጥ አድርጎ በስፍራው ማኖር።
ማቆም፦ ማናቸውንም እንቅስቃሴ ወዲያው መግታት።
ማጽናት፦ ጭነትን በብሎን፣ በብየዳና በማሰሪያ ከመርከብ ወለል ጋር ማያያዝ።

11. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረቡት ቃላት አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም። ሸክም፣ ጭነት፣ ማራገፍ፣ ማርገብ፣ ኮርቻ ሁሉም ከመንገደኛና ከነጋዴ አፍ የተወሰዱ ናቸው። እዚህ የተሠራው ሥራ ለእያንዳንዱ ድንበር ማበጀት ብቻ ነው። የሙያ ቃል ጥራት የሚለካው በመዝገብ ውስጥ ባማረበት መጠን ሳይሆን፣ ሸክም በተንጠለጠለበት ቅጽበት ሁለት ሰዎች አንድ ነገር በሰሙበት መጠን ነው። በተከላም ሆነ በወደብ ሥራ የተሰማሩ አንባቢያን በሥራ ላይ የሚሰሙትን ሌላ አሻሚ ቃል ቢጠቁሙን መዝገቡ ይሟላል፤ ምናልባትም አንድ ሰው ከሸክም ሥር በጊዜ ይወጣል።